የደንገል ምስል

አሜሪካ የተማርሁትን ሥራ ላይ እንዳውለው መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዳኘው ነው። ኦሃዮ ሄጄ ሥዕልና የእጅ ሥራ ተምሬ ስመለስ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ሰጡኝ። እዚያም ቀለም ስለሌለ በከሰል፣ ወረቀት ስለሌለ በካርቶን ላይ አስተምር ነበር። ለምን ተመለስሽ የሚለኝ ብዙ ነበር። ምን ይዘሽ መጣሽ ያለኝ ግን አልነበረም። ለመጀመሪያው ጥያቄም ቢሆን በየጊዜው የተለያየ መልስ እሰጥ ነበር፤ የትኛው እውነት እንደሆነ እኔም አላውቀውም።

በነሐሴ 1970 ዝናቡ ትንሽ ፋታ በሰጠ ቀን ጓድ ዳኘው ቢሮው አስጠራኝ። ከዱርቤቴ የመጣ፣ ቀድሞ በእህል መጋዘን ሚዛን ይይዝ የነበረ ሰው ነው። ሲያናግርህ ክብደትህን የሚገምት ይመስላል።

«አሜሪካኖች ሞትን በረንዳቸው ላይ ያስቀምጣሉ ብለሽ አውርተሻል አሉ» አለኝ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያወራሁት ነው። ማን እንዳደረሰለት ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

«በዓል ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሃሎዊን ይሉታል። ለልጆች መሳቂያ ነው። አጽም ይሠራሉ፣ ጣረ ሞት ይሠራሉ፣ አሮጌ ልብስ በቅጠል ሞልተው ሰው አስመስለው ደጃፍ ያስቀምጣሉ።»

«በሞት ይስቃሉ?»

«ይስቃሉ።»

«በውድ ነው የሚሠሩት ወይስ በርካሽ?»

«ሀብታሙ ይገዛል። እኔ የነበርሁበት ቤት ግን ከጉድፍ ነበር የሚሠራው።»

ደስ አለው። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። መስከረም ሁለት፣ በአብዮት በዓል ቀን፣ እያንዳንዱ ቀበሌ ሦስቱን ጠላቶች፣ ፊውዳሊዝምን፣ ኢምፔሪያሊዝምንና ቢሮክራሲን፣ አሻንጉሊት አድርጎ ይዞ ይወጣል። አምና የጎረቤት ቀበሌ ጥርሱ የሚንቀሳቀስ ኢምፔሪያሊዝም ይዞ መጥቶ ነበር።

«የእኛ ፊውዳል ግን የቆሎ ተማሪ መሰለ» አለ ዳኘው። «ሕዝቡ አዘነለት። አንዲት አሮጊት እንዲያውም ቁራሽ ልትሰጠው ነበር። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልፈልግም። የሚያስፈራ እፈልጋለሁ።»

«በጀት አለ?»

«በጀቱ አብዮታዊ ስሜት ነው» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ሳይቀይር «አሜሪካ ምን እንዳስተማረችሽ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። የሠራሽውን አሳያቸዋለሁ» አለ።

ቤት ያከራየችኝን ሴትዮ፣ ሚስስ ኬለርን፣ ከተመለስሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን አስቤያት አላውቅም። ባሏ የሞተባት፣ ከሱቅ ምንም የማትገዛ ሴት ነበረች። ዱቄት በውኃ አፍልታ ሙጫ ታወጣለች። ፊኛ ነፍታ በጋዜጣ ቁርጥራጭ ትለብጠዋለች፤ ሲደርቅ ፊኛውን ታፈነዳና ባዶውን ቅርፊት የራስ ቅል ታደርገዋለች። ያረጀ መጋረጃ በስታርች አጠንክራ መንፈስ ትሰቅላለች። የሟች ባሏን ሱሪና ሸሚዝ በደረቅ ቅጠል ሞልታ በረንዳ ላይ ታስቀምጣለች።

መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደንግጨ በሩ ላይ ቆምሁ። በዓይኔ የመጣው ያደግሁበት ዘጌ ነበር። አጎቴ ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ እዚያው ቀረ። ሬሳው ሊመጣ ስለማይችል አባቴ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት እንጨት አዋቅሮ፣ ሣር ጠቅጥቆ፣ የአጎቴን ልብስ አልብሶ ምስሉን አወጣ። በእኛ አገር ሰው በሰው አገር ሲሞት እንዲህ ነው። ምስሉ በአልጋ ላይ ይጋደማል፣ በደጁ ያልፋል፣ ይለቀስለታል። በሚስስ ኬለር በረንዳ ላይ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠውን ሳይ ዋይ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ፈለግሁ። ልጆቹ ግን እየመጡ አፍንጫውን ይጎትቱት ነበር።

ሥራውን የጀመርሁት በትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክፍል ነው። ጎረቤቴ ሰዓዲያ ትረዳኝ ነበር። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጨርቁ ከገበያ ከጠፋ ወዲህ የአባቷን የስፌት መኪና ይዛ ልብስ ትጠግናለች። ለአጽሙ ነጭ አቡጀዲ ብለምናት፣

«ከፈን ነው የምትፈልጊው? ለማን?» አለችኝ።

«ለኢምፔሪያሊዝም።»

«ሰው ያለ ከፈን በሚጣልበት ጊዜ ለእሱ ተገኘለት። መታደል ነው።»

እንዲህ ያለውን የምትናገረው የመኪናውን መዘውር እያዞረች፣ ድምፁ እንዲሸፍናት አድርጋ ነው።

እንደ ሚስስ ኬለር በጋዜጣ መሥራት ግን አልተቻለም። ቀበሌው የቆየ ጋዜጣ ክምር ሰጥቶኝ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ጨምድጀ የፊውዳሉ ሆድ ውስጥ ልከት ስል ሰዓዲያ እጄን ያዘች። ገጹን ዘረጋችው። የመሪው ፎቶ ነበረበት። ሁለተኛው ላይም፣ ሦስተኛው ላይም ነበረበት።

«የማንን ፊት የማን ሆድ ውስጥ ልትከቺ ነው?» አለችኝ።

ጋዜጣውን አጣጥፌ መለስሁ። ለፊውዳሊዝምና ለቢሮክራሲው፣ አጫጭር ስለሆኑ፣ ጭድ በቃቸው። ኢምፔሪያሊዝም ግን ከሰው በላይ መርዘም ነበረበትና ጭድ አያቆመውም። ሐይቁ ዳር ወርጄ ታንኳ ሠሪዎችን ታንኳ የሚያስሩበትን ረጅም የውኃ ሣር፣ ደንገል፣ ጠየቅኋቸው። በክረምት ደረቅ ደንገል የለም፤ እርጥቡን አጨዱልኝ። ዘጌ ያደገ ሰው ደንገል ማሰር አይጠፋበትምና እንደ ታንኳ ጠበቅ አድርጌ በየነዶው አሰርሁት፤ አንዱን ነዶ ለአከርካሪ፣ ሁለቱን ለእግር፣ ሁለቱን ለክንድ። ለራሱ ትልቅ ቅል አገኘሁ። ኖራ ቀብቸ፣ ዓይኑን በጥላሸት አጥቁሬ፣ ጥርሱን በበቆሎ ፍሬ ሠራሁለት። ሚስስ ኬለር ብታየው ትኮራብኝ ነበር።

ልብስ ግን አልነበረም። ጓድ ዳኘው በድምፅ ማጉያ አዋጅ አስነገረ። አሮጌ ልብስ ያለው ለጠላት መልበሻ ይስጥ ተባለ።

የመጡት ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ብቻ ናቸው።

ቤታቸው ከቀበሌ ወደ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ዓምደ ሚካኤል ተማሪየ ነበር። በጥር ወር አናርኪስት ተብሎ ተወሰደ። እንደተገደለ ተነገራቸው፤ ሬሳው ግን አልተሰጣቸውም። ለቅሶም ተከለከለ። ያለቀሰ ራሱ አናርኪስት ነው ተባለ። ጥቁር እንዳይለብሱ፣ ድንኳን እንዳይተክሉ፣ ድምፃቸው እንዳይሰማ አንድ የአብዮት ጥበቃ ደጃቸው ላይ ጠመንጃውን ይዞ ሰነበተ። ጎረቤቱ ሁሉ ወሬ የሚጠይቅ መስሎ እየገባ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይወጣ ነበር።

ክፍሉ በር ላይ ቆመው «ልብስ ትሰበስቢያለሽ አሉኝ» አሉ።

«ይግቡ እትየ።»

ከነጠላቸው ሥር ኮትና ሱሪ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ኮቱን አወቅሁት። የግራ ኪሱ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለበት፤ ቀለሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«ከሦስቱ ረጅሙ ማን ነው?» አሉ።

«ኢምፔሪያሊዝም።»

«እንግዲያው ለሱ አልብሺው። ዓምዴ ረጅም ነበር።»

ሰዓዲያ የስፌት መኪናውን አቆመች። እኔ በሩን ገፋ አደረግሁት።

«እትየ፣ ይህን ልብስ የሚያውቅ ይኖራል።»

«ይወቀው።»

«ሕዝቡ ይውደም ይለዋል እኮ።»

«ሲወስዱትም ብለውታል። ምን አዲስ ነገር አለው?» ኮቱን በእጃቸው ደባበሱት። «የመሪጌታ ልጅ ነሽ፤ የምልሽ አይጠፋሽም። ሰው ሬሳው ሲጠፋ ምን ይደረጋል?»

«ምስል ይወጣል።»

«አውጪልኝ። በደጄ ይለፍ። አደባባይ አድርሸው እመለሳለሁ። አልጮህም። የሚያለቅስ ሆዴ ነው፤ ሆድ ደግሞ አይሰማም።»

«ከተሰማስ?»

«ከተሰማ እኔም አንቺም እንወሰዳለን» አሉ፤ የዋጋ ነገር የሚነግሩኝ ያህል። «እምቢ ብትይኝ አልቀየምሽም። ልጅ ነሽ።»

እምቢ ልላቸው ፈልጌ ነበር። የሞተ ሰው በልብሱ አይመለስም፣ ይህ የድሮ ነገር ነው ልላቸው በአእምሮየ ቃል እየመረጥሁ ነበር። እጄ ግን ኮቱን ወስዶ የደንገሉን ክንድ በእጅጌው አስገባ። ልክ ሆነ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ቀና ብለው አዩትና ወጡ።

ሰዓዲያ ቀረብ አለች። ኮቱ ደረት ላይ የትምህርት ቤት ምልክት ተተርትሮ የወጣበት ቦታ አለ።

«ኢምፔሪያሊዝም ባሕር ዳር ነው እንዴ የተማረው?» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «እኛ ሙስሊሞች በድኑን በቶሎ አፈር እናለብሳለን እንጂ በልብስ አናለቅስም። ግን በድኑም ከሌለ ምን ይደረጋል? የብርጓል፣ ያን ያህል አገር አቋርጠሽ ስትማሪ ፍርሃት የሚባል ትምህርት አልነበረም?»

«እዚያ መሳቂያ ነበር።»

ዝቅ ብላ የኮቱን ቁልፎች ቆጠረች። አንዱ ጎድሏል። ከቆርቆሮ ሣጥኗ ተመሳሳይ ፈልጋ ሰፋችለት፤ ክሩንም በጥርሷ በጠሰችው።

«ሰው ቁልፍ ጎድሎት አይሸኝም» አለች።

መስከረም ሁለት ቀን ፀሐይ ነበር። ሦስቱን ጠላቶች በወሳንሳ ተሸክመን ወጣን። ጓድ ዳኘው ከፊት ነው። የእኔ አጽም ከሁሉም በላይ ረዝሞ፣ ጥርሱን አውጥቶ፣ አቡጀዲውን እንደ ካባ ደርቦ ሲወጣ ልጆች እየጮኹ ሸሹ። ዳኘው ዞሮ አየኝና በደስታ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ ወገባቸው ላይ አሸርጠዋል። ወሳንሳው ሲደርስ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ከሰልፉ ገቡ። ማንም አላያቸውም። እኔ አጠገባቸው ሄድሁ።

መፈክር የሚያሰማው ወጣት «ፊውዳሊዝም!» ሲል ሕዝቡ «ይውደም!» ይላል። ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር ተገነዘብሁ። ሕዝቡ «ይውደም!» ባለ ቁጥር የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል አፍ ይከፈታል። የሚወጣው ቃል ግን ይውደም አይደለም። ልጄ ይላሉ። ሕዝቡ ሲያበቃ አፋቸውን ይገጥማሉ። እንደገና ሲነሣ ይከፍታሉ። ድምፃቸው ከሥር እንደሚሄድ ውኃ ነበር፤ ጠጋ ላላለ ሰው አይሰማም። ሆዴ ነው የሚያለቅስ ያሉኝን አልጠበቁም። ግን እንደማይሰማ አይቼ ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

አደባባዩ ሐይቁ ዳር ነው። የየቀበሌው ጠላት ተራ በተራ በነጭ ጋዝ እየራሰ ተቃጠለ። የእኛ ፊውዳልና የእኛ ቢሮክራሲ ጭድ ናቸውና በአንድ ነበልባል አለቁ። ኢምፔሪያሊዝም ላይ እሳቱ ሲለኮስ አቡጀዲው ቦግ አለ። ኮቱ ተያያዘ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ክንዴን ጨበጡኝ። ምስል ይለቀስለታል፣ ይቀበራል እንጂ አይቃጠልም። ይህን የሁለታችንም አእምሮ ከዚያች ደቂቃ በፊት አላሰበውም። እኔ ሥራውን፣ እሳቸው መንገዱን ብቻ ነበር ያሰብነው።

ልብሱ ነደደና ወደቀ። ከሥሩ ደንገሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቆሞ ተገኘ። ይጤሳል፣ ይንጫጫል፣ በየእስሩ መካከል ውኃ ይፈላል፤ እሳት ግን አልያዘውም። ጋዝ ጨመሩበት። ጋዙ ነደደና ጠፋ። ቅሉ ጠቁሮ፣ የበቆሎ ጥርሶቹ እየፈነዱ፣ ሰው የሚያህል ነገር ክንዱን ዘርግቶ በጭስ ውስጥ ቆመ።

«አልሞት አለ እኮ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሳቅ ተሰማ።

ጓድ ዳኘው ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ምን ከተሽበት?»

«ደንገል።»

«ሆን ብለሽ ነው?»

«ካልረዘመ አያስፈራም ብየ ነው። ጭድ አያቆመውም።»

ወደ ሕዝቡ ተመለከተ፤ የሌሎቹ ቀበሌዎች ሊቃነ መናብርት ቆመው ያያሉ። «ሐይቁ ውስጥ ጣሉት!» አለ። «ይስጠም!»

የዱርቤቴ ሰው ነው፤ ሐይቅ አያውቅም። አጠገቤ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ «ደንገል ይሰጥማል እንዴ?» ብሎ በአፉ ውስጥ አጉረመረመ። ጮክ ብሎ ለመናገር ግን የደፈረ የለም። ጥበቃዎቹ ምስሉን በእግሩና በራሱ ይዘው አወዛውዘው ጣሉት።

ሄደ፣ ጠለቀ፣ ተመልሶ ብቅ አለ። በጀርባው ተንጋሎ፣ ቅሉ ቀና ብሎ፣ ክንዶቹ ተዘርግተው ተንሳፈፈ። ያሰርሁት እንደ ታንኳ ነበርና እንደ ታንኳ ሄደ። ውኃው ሙሉ ነው፤ ወደ ዓባይ መውጫ በዝግታ ይስበዋል።

ሕዝቡ ዝም አለ። በዚያ ዓመት ውኃ ላይ ተንጋሎ የሚሄድ ሰው ያላየ ዓይን ጥቂት ነበር። መፈክር የሚያሰማው ልጅም አፉን ከፍቶ ቀረ። የሐይቁ ወፎች እንኳ የሚሰሙበት ጸጥታ ሆነ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻውን ቀረ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል መፈክሩ መቆሙን አላወቁም። ዓይናቸው ውኃው ላይ ነው።

«አፈር ነፍገውህ ውኃ ለበስህ ወይ፣
ዓምዴ ዓምዴ ስልህ አትሰማኝም ወይ።»

የጓድ ዳኘው ራስ ዞረ። «ማነው?» አለ። ሁለት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሰው ሁሉ የራሱን እግር ማየት ጀመረ። ክንዳቸውን ጎተትሁ፤ አልሰሙኝም። ዳግመኛ ሊያወጡ ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማሁ።

የግራ እጄን አነሣሁ።

«ኢምፔሪያሊዝም!» አልሁ።

ድምፄ ለእኔው እንግዳ ሆነብኝ። ሕዝቡ ልምዱ ነውና «ይውደም!» አለ። የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ድምፅ ከሥሩ ገባ።

«ኢምፔሪያሊዝም!»

«ይውደም!»

ማቆም አልቻልሁም። ባቆም የሳቸው ድምፅ ይሰማል። ምስሉ ከባሕር ዛፎቹ ማዶ እስኪሰወር፣ ሕዝቡ እስኪሰለች፣ ጉሮሮየ ደም ደም እስኪለኝ ድረስ ያንን ልብስ የለበሰውን ልጅ፣ እርሳስ አያያዝ ያስተማርሁትን፣ ይውደም አስባልሁ። እሳቸው ምስሉን እያዩ በዳር በዳር ሄዱ። ማንም አልከለከላቸውም። ጠላቷን የምታሳድድ ሴት ነበር የሚመስሉት።

ከበዓሉ በኋላ ጓድ ዳኘው እንደገና አስጠራኝ። ስለ ደንገሉ አላነሣም።

«እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘሽ ነው የምታጎነብሽ?» አለኝ። «ሌሎቹ ቀበሌዎች ስለ ጠላታችን ሳይሆን ስለ አንቺ ነው ያወሩ። ልጁን አንሥቸዋለሁ። ከእንግዲህ መፈክር አሰሚ አንቺ ነሽ።»

«ጉሮሮየ ያመኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ማር ላሺበት።»

ወደ ቤቴ ስሄድ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። አልፌያቸው ልሄድ ነበር።

«ድምፅሽን ሰማሁት» አሉኝ።

«እትየ፣ እንዳይሰማብዎ ብየ ነው።»

«አውቃለሁ።» እንዝርቱን አሽከረከሩት። «ለቅሶም እንዲሁ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ምስጋና መሆኑን ፊታቸው ላይ ፈለግሁት። አላገኘሁትም። ወቀሳም አላገኘሁም። ክሩን እያዩ ነበር።

ቀጣዩ ሰልፍ በጥቅምት ነበር፤ ሚስስ ኬለር ዱባዋን በምትቀርጽበት ሰሞን። ጓድ ዳኘው ከፍ ያለ ሣጥን ላይ አወጣኝና ወደ ፊተኛው ረድፍ ጠቆመኝ።

«አየሽ የሴቶቻችንን ንቃት? ሳይጠሩ ነው የመጡ። ለሥራ እንደታጠቀ ሰው ነጠላቸውን አሸርጠው።»

አየሁ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል መካከል ላይ ናቸው። በግራቸውና በቀኛቸው የማላውቃቸው ሴቶች ቆመዋል፤ ከነሱ ኋላም ሌሎች። አንዷ ልጇ ተገድሎባት ለቅሶ የተከለከለች፣ ከሐይቁ ማዶ ከእንፍራንዝ የመጣች ናት ብላ ሰዓዲያ ቆይታ ነገረችኝ። ነጠላቸውን ሁሉም ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረዋል።

ጓድ ዳኘውን አላዩትም። ባንዲራውንም አላዩም። ሁሉም አፌን ያያሉ፤ እስክከፍተው ይጠብቃሉ።